ለጥበብ ተማሪ ውል ማስተማር

ሥራ ፈጠራ ሲባል ሌሎች ያላስተዋሉትን ፍላጎት አይቶ፣ ሊደርስ የሚችለውንም ኪሳራ ተሸክሞ አዲስ ሥራ ማቋቋም ማለት ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲ ግን ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በንግድ ዕቅድ፣ በካፒታልና በገበያ ጥናት ቋንቋ በመሆኑ የሥነ ሥዕል፣ የሙዚቃና የቴአትር ተማሪ በውስጡ የራሱን ሙያ ለይቶ ለማግኘት ይቸገራል። በኢትዮጵያ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርቱ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ እንዲሰጥ መደረጉ በጎ እርምጃ ነው፤ ይሁን እንጂ ለሒሳብ ሠራተኛ የሚሆነው ምሳሌ ለማሲንቆ ተጫዋች ስለማይሆን፣ የጋራውን ትምህርት ወደ ጥበብ ቋንቋ የመመለሱ ኃላፊነት በመምህሩ ላይ ይወድቃል።

የመጀመሪያው እንቅፋት የሚመጣው ከተማሪው ልብ ነው። በማኅበረሰቡ ዘንድ አዝማሪ የሚለው ስም ለረጅም ዘመን ከሙያ መጠሪያነት አልፎ የንቀት ቃል ሆኖ በመቆየቱ፣ ለጥበብ ገንዘብ መጠየቅን እንደ ነውር የሚቆጥር ተማሪ ዛሬም አለ። ለዚህ ተማሪ የውጭ መጽሐፍ ከመጥቀስ ይልቅ የአዝማሪውን ሥራ ራሱን መተንተን ይበጃል፤ አዝማሪው አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ የሰጠውን ግጥም ወዲያው ወደ ዜማ የሚለውጥ፣ የእያንዳንዱን ታዳሚ ፍላጎት ከፊቱ አንብቦ የሚያሞግስና ሽልማቱን እዚያው የሚቀበል ባለሙያ በመሆኑ፣ ደንበኛን ማወቅ የሚባለውን ትምህርት ክፍል ሳይገባ ኖሮበታል።

ከዘመናዊው ታሪክ የአምሃ እሸቴን ያህል ለክፍል ውይይት የሚመች ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። አምሃ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ሱቅ በነበረው ጊዜ የውጭ አገር ሸክላ እንደልብ ሲሸጥ፣ የአገሪቱ ዘመናዊ ሙዚቃ ግን በምሽት ክበቦችና በመንግሥት ተቋማት ባንዶች ብቻ ተወስኖ መቅረቱን አስተዋለ፤ ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ብቻ የተሰጠ ቢሆንም፣ በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች በህንድ አገር አሳተመ፣ ከዚያም በጥቂት ዓመታት ውስጥ 100 ያህል ሸክላዎችን ለገበያ አቀረበ። አምሃ ራሱ ዘፋኝ አልነበረም፤ መምህሩ ተማሪዎቹን በዚህ ነጥብ ላይ ማቆየት ያለበትም ስለዚህ ነው። የትምህርቱ ግብ ጥበበኛውን ሁሉ ነጋዴ ማድረግ ከሆነ ብዙዎቹን ያሸሻል፤ ግቡ ጥበበኛው እንደ አምሃ ካለ ሰው ጋር እኩል ተቀምጦ፣ የሚሰጠውንና የሚቀበለውን አውቆ የሚዋዋል ባለሙያ እንዲሆን ማስቻል ነው።

ለመዋዋል ደግሞ ዋጋንና መብትን ማወቅ ያስፈልጋል። ዋጋን ለማስተማር ተማሪው አንድ ያለቀ ሥዕሉን ይዞ መጥቶ ወጪውን በዝርዝር እንዲጽፍ ማድረግ ከብዙ ገለጻ ይሻላል፤ ሸራውን፣ ቀለሙን፣ ምናልባትም የስቱዲዮ ኪራዩን ይጽፍና በሥዕሉ ላይ ያሳለፋቸውን ቀናት ይረሳቸዋል፣ ቀናቱን እንዲጨምር ሲጠየቅም ለጊዜው ዝም ይላል። ከዚያ ዝምታ በኋላ ጋለሪ ከሽያጩ ስለሚወስደው ድርሻ መነጋገር ይቻላል።

መብትን በተመለከተ መሠረቱ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ ይህም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። የቅጅ መብት ሥራን የማባዛት፣ የማሰራጨትና ለሕዝብ የማቅረብ መብት ነው፤ በጥቅሉ ሲታይም ሥዕልን መግዛትና ሥዕሉን በፖስታ ካርድ አባዝቶ የመሸጥ መብትን መግዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ የሚመረቅ ተማሪ፣ ብሩሽ አያያዙ የቱንም ያህል ቢደነቅ፣ ትምህርቱ ጎድሎታል።

ለቴአትር ተማሪዎች ተጨማሪ ማብራሪያ ይገባል። ባውሞልና ቦወን የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በ1966 እ.ኤ.አ. እንዳመለከቱት፣ ፋብሪካ በአዲስ መሣሪያ ምርቱን ሲያበዛ መድረክ ግን የሰው ቁጥሩንና ጊዜውን መቀነስ ስለማይችል ወጪው ከገቢው እየቀደመ ይሄዳል፤ አሥር ተዋናይ የሚፈልግ ተውኔት ዛሬም አሥር ተዋናይ ይፈልጋል። ስለዚህ የቴአትር ቡድን ከትኬት ሽያጭ ሌላ ገቢ መፈለጉ እንደ ድክመት ሊቆጠርበት አይገባም።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያ ድንበር ባሻገርም ያው ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የደቡብ ሱዳኑ የጁባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ፣ የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ክፍል አለው፤ ተመራቂው ግን በዚያችው ከተማ ተፈናቃዮች ተጠልለው እንደሚኖሩበት ማንጋቴን ባለ ሰፈር ተውኔት ቢያሳይ፣ ተመልካቹ ለትኬት የሚከፍለው ገንዘብ የለውም። በእንዲህ ያለ ቦታ ከፋዩ አንድ ድርጅት፣ ተመልካቹ ደግሞ ሌላ ስለሚሆን፣ ተማሪው ስለ ባንክ ብድር ከመማሩ በፊት ድርጅቱ የሚያዝዘው ምን እንደሆነ፣ ክፍያው መቼ እንደሚፈጸምና የድርሰቱ መብት ከማን ጋር እንደሚቀር የሚገልጽ የትእዛዝ ውል ማርቀቅ ይኖርበታል።

በጥበብ ትምህርት ቤቶች ይህን ትምህርት የምትሰጡ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ሃያ ገጽ የንግድ ዕቅድ ከማስጻፋችሁ በፊት በገዛ ሥራቸው ላይ የአንድ ገጽ ውል እንዲጽፉ አድርጉ።