ጎፈሬው በየት ዞሮ መጣ? ስለ ዝነኞች ጠጉርና ስለ ቆቦ ጠጉር ቤቶች

ዝነኛ ሰው ጠጉሩን ባበጠረበት አኳኋን ሕዝቡም ያበጥራል የሚል አስተያየት በየሰዉ አንደበት የተለመደ ነው። አንዳንዱ ይህን የሚናገረው እያዘነ ነው፤ ሌላው ደግሞ እንደ ሥልጣኔ ቆጥሮት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይኸው አስተያየት በራያ ቆላ፣ ይልቁንም በቆቦና በአካባቢዋ፣ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ነው። ሐሳቤን አስቀድሜ ለመግለጽ ያህል፣ አስተያየቱ ግማሹ እውነት ግማሹም ስሕተት ነው እላለሁ። ዝነኞቹ ለቆቦ ወጣት የሚያስተላልፉለት የጠጉር አሠራር ብዙውን ጊዜ ከገዛ አያቱ ራስ ላይ የተወሰደ ነው፤ አዲሱ ነገር ስሙና ዋጋው ነው። ይህን ስል ግን ዝነኞቹ ምንም ሥልጣን የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ ሥልጣናቸው የት ላይ እንደ ሆነ ወደ ታች እንመለከታለን።

አንባቢው አገሩን ላያውቅ ስለሚችል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ቆቦ በሰሜን ወሎ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች፤ ዙሪያዋ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ ነው። በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ ይታያል፤ ከዞብል ማዶ የአፋር ቆላ ነው። ስለዚህ በቆቦ ገበያ አማርኛ ተናጋሪው፣ ትግርኛ ተናጋሪው፣ ኦሮምኛ የሚያውቀውና አፋሩ ይገናኛሉ፤ የራሳቸውም ጠጉር እንደ ቋንቋቸው ልዩ ልዩ ነው። የራያ ጎልማሳ ጎፈሬውን አሳድጎ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ሚዶውን ከጠጉሩ ላይ ሰክቶ ገበያ መውጣቱ የታወቀ ልማድ ነው፤ ዛሬም ከገጠሩ ቀበሌ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ አይታጣም። የአፋሩ ወጣት ጠጉር ግን በቅቤ ርሶ ዘለላ ዘለላ እየሆነ ወደ አንገቱ ይወርዳል። ሴቶቹ ሹሩባ ይሠራሉ። በሰሜኑ አገር በጠቅላላው ለሕፃን ቁንጮ ይተውለት ነበር፤ ከፍ ሲል ጋሜ ይሆናል፤ ያላገባች ልጃገረድ መኻል አናቷን ተላጭታ ሳዱላ ትባላለች፤ ስታገባ የተላጨውን ታሳድጋለች፤ ዘመድ የሞተባት ሴት ደግሞ ራሷን ትላጫለች። በዚህ አኳኋን ጠጉር ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሰውን ዕድሜና የኑሮ ሁኔታ ሳይጠየቅ የሚያስታውቅ ምልክት ነበር።

ዝናና ጠጉር የተገናኙትም በዛሬው ዘመን አይደለም። በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በየሥዕሉ የሚታወቁት ወደ ኋላ በወረደው ሹሩባቸው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ባጠፉ ጊዜ ከጠጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ ይህም ጠጉር በሎንዶን በብሔራዊው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከቆየ በኋላ በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ጥቂት ጠጉር የሁለት አገሮች ጉዳይ እስኪሆን ድረስ መክበሩ የሚያስደንቅ ነው። ዛሬ በየከተማው ወንድ ልጅ ሹሩባ ሲሠራ «የቴዎድሮስ» ይባልለታል። ይሁን እንጂ ሹሩባን ቴዎድሮስ አልፈጠሩትም። በቀድሞው ዘመን ለወንድ ልጅ ሹሩባ የጀግንነት ምልክት ስለ ነበረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የወታደሩን ልማድ ያዙ እንጂ ወታደሩ የንጉሡን አልያዘም። ስሙ የተሰጠው በኋላ ነው።

ይህንኑ ነገር በአዲስ አበባ ታሪክም እናገኘዋለን። ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ የኤልቪስ ፕሪስሊን አለባበስና አበጣጠር ይከተል እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ስለዚህም «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» እስከ መባል ደርሷል። አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የሸክላ አሳታሚ ድርጅቱን ካቋቋመ በኋላ የዘፋኞቹ ድምፅ በየቤቱ ገባ፤ ከሸክላው ሽፋን ላይም መልካቸውና ጠጉራቸው አብሮ ገባ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ የራስን ጠጉር እንደ ተፈጠረ ማሳደግ የነጻነት ምልክት ሆኖ ነበር። ጠጉሩን በኬሚካል ያስተኛ የነበረው ጄምስ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1968 ማስተኛቱን ተወ፤ አንጄላ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ስትፈለግ የተለጠፈው ፎቶግራፏ ጎፈሬዋን ለዓለም ሁሉ አሳየ። አሠራሩም «አፍሮ» ተብሎ አዲስ አበባ ገባ፤ ተማሪውም ዘፋኙም አሳደገው።

ሂሴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የራያ ገበሬ ያንኑ ጎፈሬ ይዞ ወደ ከተማ ሲገባ ባላገር ተባለ፤ ተማሪው ከአሜሪካ መጽሔት አይቶ ሲያሳድገው ግን ዘመናዊ ተባለ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር የተዋጉት አርበኞች ጎፈሬያቸውን እንዳንዠረገጉ የተነሡት ፎቶግራፍ በየቤቱ ግድግዳ ተሰቅሎ ሳለ እንኳ፣ ከተሜው ምሳሌውን ከዚያ አልወሰደም። ከቆቦ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 600 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጎፈሬው ግን ይህን መንገድ ለመጓዝ በአሜሪካ በኩል መዞር አስፈለገው፤ ስሙን ለውጦ ሲመለስም የገዛ አገሩ ሰው እንደ እንግዳ ተቀበለው።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2002 በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ብራዚላዊው ሮናልዶ ራሱን ተላጭቶ በግንባሩ ላይ ብቻ ጥቂት ጠጉር አስቀርቶ ታየ፤ በዮኮሃማው የፍጻሜ ግጥሚያ በጀርመን ላይ ሁለት ጎል ያገባው በዚሁ ቁርጥ ነው። በየአገሩ ያሉ ልጆችም ተከተሉት። እርሱ ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው፣ እንዲህ ያደረገው ጋዜጠኞቹ ስለ ተጎዳ እግሩ ማውራት ትተው ስለ ጠጉሩ እንዲያወሩ ነው፤ ልጆቻቸው ስለ ተከተሉትም እናቶችን ይቅርታ ጠይቋል። የራያ አያት ያንን ፎቶግራፍ ብታይ ግን ቁንጮው ከቦታው ትንሽ ወደ ፊት ሸሽቷል ከማለት በቀር የምትደነቅበት ነገር አይኖርም፤ ሽማግሎች ቁንጮ ሕፃኑን መልአክ የሚያነሣበት ነው ይላሉና። ዛሬ በቆቦ በዲኤስቲቪ ቤት የእንግሊዝን ጨዋታ ተመልክቶ የወጣ ልጅ ከጠጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚጠራው የተጫዋች ስም ነው፤ አስተካካዩም በቃል መግባባት ሲያቅተው ወደ ግድግዳው ፎቶግራፍ ያመለክታል። የአያቱን ቃል፣ ቁንጮን ወይም ጋሜን፣ ጠርቶ የሚያዝዝ የለም።

በሴቶቹ ጠጉር ቤት ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል። ልጅቱ ከወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታወጣለች፤ የአንዲት ዘፋኝ ወይም የፊልም ተዋናይት ሥዕል ታሳይና «እንደዚች አድርጊልኝ» ትላለች። ሠሪዋም ማለስለሻውን፣ ካስኩንና ፔስትራውን ታዘጋጃለች። ይህች ሴት ባለ ሙያ መሆኗን መካድ አይገባም፤ ከአንድ ወገን ብቻ የተነሣን ሥዕል አይቶ የኋላውንና የጎኑን በግምት መጨረስ፣ ያውም የሥዕሏ ባለቤት ፊትና የልጅቱ ፊት ሳይመሳሰል፣ ትልቅ ጥበብ ይጠይቃል። ለሥዕሉ ስንት ሰዓት፣ ስንት መብራትና ስንት ረዳት እንዳስፈለገ ግን ልጅቱ አታውቅም። ከዚህም በላይ የዘፋኟ ጠጉር ብዙ ጊዜ ዊግ ወይም ሂውማን ሄር ነው። ዘፋኟ ማታ አውልቃ የምታስቀምጠውን የቆቦዋ ልጅ በገዛ ጠጉሯ ላይ በእሳትና በኬሚካል ታስፈጽመዋለች።

ይህም በከንቱ የሚያልፍ ነገር አይደለም። የጠጉር ማለስለሻ ብዙ ጊዜ ኃይለኛ አልካሊ ያለበት ስለ ሆነ ከተወሰነለት ደቂቃ በላይ ከቆየ የራስ ቆዳን ያቃጥላል። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 33,497 ሴቶች ለብዙ ዓመት ከተጠኑ በኋላ፣ ማስተኛ ኬሚካል አዘውትረው የተጠቀሙት ካልተጠቀሙት ይልቅ የማሕፀን ካንሰር ከእጥፍ በላይ በዝቶባቸው ተገኝቷል፤ ጥናቱ ግን ኬሚካሉ ራሱ ምክንያት ነው ብሎ አልደመደመም። ሹሩባውም ቢሆን ከወቀሳ ነጻ አይደለም። አጥብቆ የተጎነጎነ ሹሩባ ሲደጋገም የግንባርን ጠጉር እንደሚያረግፍ ሐኪሞች ያስተምራሉ፤ ይህን ለማወቅም ሐኪም አያሻም፤ የብዙ እናቶቻችንን ግንባር መመልከት ይበቃል።

በዚህ ምክንያት ጠጉር ቤትን ፈጽመው የሚያወግዙ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ጠጉር ቤት በቆቦ አንዲት ሴት በጥቂት ገንዘብና በገዛ እጇ ሙያ ልትጀምራቸው ከምትችላቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ቀድሞ ጎረቤት ለጎረቤት በዛፍ ጥላ ሥር ይሠራ የነበረው ሹሩባ በነጻ ነበር ቢባልም፣ የሠሪዋን የግማሽ ቀን ድካም የሚቆጥርላት ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ ድካሙስ ነበር። መከልከልም የሚያመጣው ጥቅም አይታየኝም። እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሹሩባ ለንጽሕና አይመችም ተብሎ ተከልክሎ ነበር፤ ሴቶቹ ተማሪዎች ግን ቅዳሜ እርስ በርሳቸው ተጎንጉነው ሰኞ ጧት ይፈቱት ነበር። ትምህርት ቤቱ ያተረፈው ነገር ቢኖር በሰኞ ጧት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የሚያረፍዱትን ማብዛት ነው።

እንግዲህ ዝነኞቹ ካልፈጠሩት፣ ሥልጣናቸው የት ላይ ነው? በእኔ አስተያየት ሥልጣናቸው በመምረጥ ላይ ነው። የባህል ዘፈን ክሊፕ የሚያዘጋጁ ሰዎች ወደ ራያ ሲወርዱ ከላይ ከቆጠርናቸው ምልክቶች መካከል ለካሜራ የሚያምረውን ብቻ ያነሣሉ። ጎፈሬና ሹሩባ ስለሚያምሩ ይወሰዳሉ። ሳዱላን ግን የሚወስድ የለም፤ አናቷን ተላጭታ መድረክ የምትወጣ ዘፋኝ አናገኝምና። በክሊፕ ያልታየ ነገር በስልክ አይገኝም፤ በስልክ ያልተገኘውን ደግሞ ለጠጉር ሠሪዋ የሚያሳያት የለም። ሳዱላ ቀረ ብዬ የማለቅስ አይደለሁም፤ ትምህርት ቤትና የከተማ ኑሮ አስቀድመው አዳክመውታል፤ ምላጩን የምትናፍቅ ልጃገረድም ያለች አይመስለኝም። የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። ዘፈኑ የራያን ልጅ እየጠራ ያወድሳል፤ ጨፋሪዎቹ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ዊግ ደፍተው ይወጣሉ፤ ያገባችውና ያላገባችው፣ ደገኛዋና ቆለኛዋ አይለዩም። በሚቀጥለው ክሊፕ ያው ዊግ ስለ ጎንደር ይዘፈንበታል። ይህን የጥበብ ነጻነት ነው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን ስንፍና ብዬዋለሁ። አዘጋጆቹ በቆቦ ገበያ አንድ ቀን ቢውሉና አንዲት አሮጊት ቢጠይቁ የጉንጉኑን ስም፣ ለማን እንደሚሠራና መቼ እንደሚፈታ ትነግራቸው ነበር። ይህ ዕውቀት ዛሬ በእጅ ያለው የዕድሜ ባለጠጎች በሆኑት ሴቶች ዘንድ ነው፤ ዊጉ በተመቻቸ ቁጥር ግን የሚጠይቃቸው ሰው ይቀንሳል።

መረጣው ጎልቶ የሚታየው በነሐሴ ወር ነው። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የሚከበረው የልጃገረዶች በዓል በሰቆጣ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል ይባላል። ልጃገረዶቹ ጠጉራቸውን ተሠርተው፣ የአገር ልብስ ለብሰው፣ በቡድን በቡድን ሆነው እየጨፈሩ ይዞራሉ። በቅርብ ዓመታት መድረክ፣ ካሜራና የተጋበዘ ዘፋኝ ስለ ታከለበት፣ ልጃገረዷ የምትሠራው ለሰፈርተኛው ብቻ ሳይሆን ለተመልካቹ ሁሉ ሆኗል። የቤቷም ጉንጉን የጠጉር ቤቱም ጉንጉን አንድ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ የቤቱ በአክስት ስም፣ የጠጉር ቤቱ በዘፋኝ ስም መጠራቱ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ መብራት ተቋረጠ። ካስክና ፔስትራ ያለ መብራት አይሠሩም፤ ሹሩባ ግን ከጣትና ከቅቤ በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም። በተከታዩም ዓመት ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ውጊያው በቆቦ አካባቢ ዳግመኛ ሲጀመር ሶለል ከገባ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ለበዓሉ የተጎነጎነ ጠጉር የሚፈታበት ጊዜ አልደረሰም። ጦርነቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት እስኪቆም ድረስ ብዙ ሰው ሞተ፤ እንደ አገሩ ልማድም ራሷን የተላጨች እናት ብዙ ናት። ከዚያ ወዲህ ስለ ራያ በተሠሩት የዘፈን ክሊፖች ውስጥ ጎፈሬም ሹሩባም አይቻለሁ። የተላጨ የእናት ራስ ግን እስካሁን አላየሁም።