ቀድሞ የሚከፍለው ማነው?

ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች ከንፁህ ኃይል ድጎማ ጋር ማገናኘት ብዙ ጊዜ የማስተዋወቅ ሥራ ተደርጎ ይታሰባል። ሰው ስለ ሶላርና ስለ ሂት ፓምፕ ስላልሰማ ነው እንጂ ቢሰማ ይጠቀም ነበር፤ ስለዚህ ወረቀት እንበትን፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ እንናገር፣ በሬዲዮ እናስነግር ይባላል። ይህ ሁሉ ይደረግ። እኔ የምከራከረው ግን ከዚህ በፊት ስላለ ጉዳይ ነው፤ አንድ ድጎማ ማን ጋ እንደሚደርስ የሚወስነው ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ከኪሱ የሚያወጣው ማነው? ይህን ሳይጠይቅ ፎርም መሙላት የጀመረ አጋዥ፣ ሊረዳው የመጣውን ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ሊከተው ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የአሜሪካ የታክስ ክሬዲት ታሪክ ነው። የኢኮኖሚ ምሁራኑ ሰቨሪን ቦረንስታይንና ሉካስ ዴቪስ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከ2006 ጀምሮ ለቤተሰቦች የተሰጠውን ከ18 ቢሊዮን ዶላር በላይ የንፁህ ኃይል ክሬዲት መርምረዋል። ሕዝቡ በገቢው አምስት እኩል ቦታ ሲከፈል፣ የታችኞቹ ሦስት እርከኖች ተደምረው ያገኙት 10 በመቶ ያህሉን ነው፤ ላይኛው እርከን ብቻውን 60 በመቶ ያህል ወስዷል። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ክሬዲቱ ከታክስ ዕዳ ላይ የሚቀነስ ስለሆነ፣ የፌዴራል የገቢ ግብር ዕዳ የሌለበት ቤተሰብ የሚቀነስለት ነገር አልነበረውም። ዕዳ ያለበትም ቢሆን ሙሉውን ዋጋ ለኮንትራክተሩ ከፍሎ እስከሚቀጥለው የታክስ ወቅት መጠበቅ ነበረበት። ተከራይ ከሆነ ደግሞ ጣሪያው የእሱ አይደለም። በአንጻሩ የኃይል ወጪ ይበልጥ የሚከብደው በዚሁ ቤተሰብ ላይ ነው፤ የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤቶች ከገቢያቸው 8.6 በመቶ ያህሉን ለኃይል ያወጣሉ፣ ሌሎቹ ግን 3 በመቶ ያህል ብቻ።

በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ እነዚህን የቤት ክሬዲቶች ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ሲያስቀር፣ ከእንግዲህ ምን ቀረ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይገርምም። ለመካከለኛው ገቢ ጉዳቱ እውነተኛ ነው። እኛ ለምናገለግላቸው አብዛኞቹ ቤተሰቦች ግን ያ በር ድሮም ገርበብ እንዳለ ነበር። ለእነሱ የሚበጁት ቀድመው የማያስከፍሉት ፕሮግራሞች ናቸው። ከ1976 ጀምሮ የዘለቀው የፌዴራል የቤት ማሻሻያ ፕሮግራም ገቢው ከድህነት መስመሩ እስከ 200 በመቶ ለሆነ ቤተሰብ ኢንሱሌሽንና የአየር ማፍሰሻ መድፈንን የመሰለ ሥራ በነፃ ይሠራል። በ2022 ሕግ የተፈቀደው፣ ግዛቶች በየራሳቸው ፍጥነት የሚያካሂዱት የዕቃ ሪቤት ደግሞ፣ ገቢው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶ በታች ለሆነ ቤተሰብ እስከተወሰነው ከፍተኛ መጠን ድረስ ሙሉውን ወጪ ሊሸፍን ይችላል፤ ለሂት ፓምፕ እስከ 8,000፣ በጠቅላላው ለአንድ ቤት እስከ 14,000 ዶላር። የሚቀነሰውም ገና በግዢው ላይ ነው።

ታዲያ የትኛው ይቅደም? ሰው ደጅ ድረስ የሚመጣለት ሶላር ነው፤ የሚታይ ነገር ቤተሰቡን ያነሣሣል፣ ከሱ እንጀምር የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ሐሳባቸውን አልንቅም። ሆኖም ግድግዳው አየር በሚያሳልፍ ቤት ላይ ፓነል መትከል በሚያፈስ እንስራ ውሃ እንደ መሙላት ነው። ሂት ፓምፕም ቢሆን ስሌት ይፈልጋል። ቤቱ የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ቤዝቦርድ ከሆነ፣ ለማሞቂያ የሚጠፋውን ኃይል በግማሽና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ በርካሽ ጋዝ የሚሞቅ ከሆነ ግን ቢሉ ሊጨምርም ይችላል። የአሥራ ሁለት ወር ቢል ሳያዩ «ቀይሩት» ማለት ግምት ነው፤ ግምቱ ሲሳሳት የሚከፍለው ደግሞ አማካሪው አይደለም። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሻጋታ የያዘው ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦው ያረጀ ቤት ከነፃው ፕሮግራም «መጀመሪያ ይጠገን» ተብሎ መመለሱ ነው። ይበልጥ የተቸገረው ቤት ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት የከተማውን ወይም የካውንቲውን የቤት ጥገና ገንዘብ መፈለግ የዚህ ሥራ ዋና ክፍል ነው።

ይህ አካሄድ ዘገምተኛ ነው፣ በዚያው ጊዜ ብዙ ሰው ማስመዝገብ ይቻል ነበር የሚለው ተቃውሞ ይከብደኛል፤ እውነት አለበትና። ምላሼ ፍጥነቱን ከወረቀቱ ላይ እናምጣው የሚል ነው። ፉድ ስታምፕ ወይም ሜዲኬይድ ያለው ቤተሰብ ለሪቤቱ ገቢውን እንደገና ማስመርመር ላያስፈልገው ይችላል፤ የዚያ ፕሮግራም ደብዳቤ በማስረጃነት ሊያገለግል ይችላል። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004 የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን በአማርኛም እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። የከተማዋ ሶላር ፎር ኦል፣ እስከ 2032 የ100,000 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦችን የመብራት ቢል ቢያንስ በግማሽ የመቀነስ ግብ ያለው ፕሮግራም፣ ለአፓርትመንት ነዋሪም ሌላ ቦታ ከተተከለ ሶላር ላይ የቢል ቅናሽ ይሰጣል። ነዋሪው ምንም አያስገጥምም፣ ምንም አይበደርም። ለተከራይ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ብድር የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። የአሜሪካ የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ በ2024 እንደዘገበው፣ በሶላር ብድር ላይ የሚጫነው የተሰወረ ክፍያ ብዙ ጊዜ ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጥበት 30 በመቶና ከዚያ በላይ ከፍ ያደርገዋል። በታብሌት ላይ በእንግሊዝኛ የተፈረመ የሃያና የሃያ አምስት ዓመት ውል ቤቱ ሲሸጥም ይከተላል። አጋዡ ቢያንስ የጥሬ ገንዘቡን ዋጋ በጽሑፍ ማስጠየቅ አለበት።

ቤት ያድሳል የተባለው አከራይ ኪራይ ቢጨምርስ? የሪቤቱ የፌዴራል መመሪያ ለዚህ መልስ አለው። ለዝቅተኛ ገቢ ተከራዮች ሲል ሪቤቱን የወሰደ አከራይ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት በእድሳቱ ሰበብ ኪራይ እንዳይጨምር፣ ከፍ ያለ ኪራይ ለማግኘት ብሎም ተከራይ እንዳያስወጣ ይገደዳል። ይህን አንቀጽ የሚፈርመው አከራዩ ነው፤ ተከራዩ ግን ብዙ ጊዜ አያየውም። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቅጂውን ለተከራዩ ማስረከብና በአማርኛ ማንበብ፣ የሁለቱን ዓመት መጨረሻ ቀንም በግልጽ ጽፎ መስጠት ያስፈልጋል።