ከምግብ በኋላ

ነርሲንግ የሚያስተምር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን ረቂቅ ላከልኝ። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ነርስ ሊኖሩት የሚገቡ መሠረታዊ ብቃቶች ዝርዝር ነው። «ጋሼ፣ አማርኛውን ብቻ ይዩልኝ» ይላል። «ብቻ» የምትለዋን አልወደድኳትም፤ የሥነ ጽሑፍ መምህር ለነጠላ ሰረዝ ካልሆነ አይፈለግም ማለት ነው? ቢሆንም ተቀበልኩ።

ረቂቁን ይዤ መርካቶ ወረድኩ። ግፊቴን የምለካበት ክሊኒክ ከአውቶቡስ ተራ ብዙ አይርቅም። ተራዬን ስጠብቅ አንድ ተሸካሚ፣ ጆንያውን ከትከሻው ሳያወርድ ገባ። ወጣቱ ነርስ የታዘዘለትን አሞክሳሲሊን አስረዳው። «አንድ አንድ፣ በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በኋላ። ገባህ?»

«ገብቶኛል ዶክተር።» (መርካቶ ውስጥ ወንድ ነርስ ዶክተር ነው፤ ሴቷ ሐኪም ብትሆንም ሲስተር ናት። ይሄ ለሌላ ቀን ይቆየን።)

ሰውዬው ግን አልወጣም። ወደ አንዲት ጠና ያሉ ሲስተር ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ እኔ የምበላው ማታ ማታ ነው። ሦስቱንም ማታ ልዋጠው?» አላቸው።

«ምግብ አትጠብቅ፤ ይሄ በባዶ ሆድም ይዋጣል። ጧት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት። በል ሞባይልህን አምጣ» ብለው ሦስቱንም ሰዓት አላርም ሞሉለት።

እዚያው ወንበር ላይ ረቂቁን ገለጥኩ። አምስቱ «ትክክሎች» ተደርድረዋል፦ ትክክለኛ ሕመምተኛ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓት። ወጣቱ አንዱንም አልሳተም! ተግባቦት የሚባለው ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው፤ መጨረሻ ላይ፣ ሁለት መስመር። ግሦቹን ቆጠርኩ፤ ነርሱ ያብራራል፣ ያሳያል፣ ይተገብራል፣ ይመዘግባል። የሚጠይቅበት ቦታ የለም። ሲስተሯ እኮ ያዳኑት በደግነት ብቻ አይደለም፤ ፋርማኮሎጂውንም ያውቁታል። ረቂቁ ግን እውቀቱን ወዲህ፣ ማዳመጡን ወዲያ አስቀምጦታል።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እንኳ እ.ኤ.አ. በ1859 ባወጣችው መጽሐፍ ሕመምተኛን ስለ መታዘብ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፋለች። «ደህና አደረ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ስንት ሰዓት ተኛ፣ በየትኛው ሰዓት ነበር ብላችሁ ጠይቁ ነው ነገሯ። ወጣቱም «ገባህ?» አለ፤ ስንቴ ትበላለህ አላለም።

ይህንኑ ጽፌ ላኩለት። «ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን በምን እንፈትነዋለን?» ሲል መለሰልኝ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህ ተማሪው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ ከቀረበ ምርጫ መካከል አክብቦ 50 ከመቶ ማለፍ። ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወረ የሚሠራው የተግባር ፈተና፣ ኦስኪ የሚሉት፣ አለ እንጂ። እዚያ ሕመምተኛ ሆኖ የሚቀርበው ሰው ካልተጠየቀ በቀር በቀን አንዴ ብቻ እንደሚበላ እንዳይናገር ይነገረው፤ ከዚያ የሚጠይቀውንና የማይጠይቀውን እንይ አልኩት።

እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ነጠላ ሰረዞቹን ግን አርሜለታለሁ።