የዛፍ መጽሐፍ በእማዬ ጓሮ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልላችን ውስጥ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወለቃ እናቴ ቤት ነበርኩ። ኢንተርኔት የሌለው ሶፍትዌር ሠሪ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ኮድ እጽፋለሁ፣ የምልክበት የለም። ላፕቶፔ ላይ ግን ቀደም ብዬ አውርጄ የረሳሁት አንድ ፒዲኤፍ ነበር፤ የአዘነ በቀለ ተሰማ የኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች መጽሐፍ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈው። ያወረድኩት ከእማዬ ጋር በክርክር ለመርታት ነው።

ክርክሩ ስለ ጓሮው ጥግ ነው። እዚያ የነበሩትን ዘጠኝ ባሕር ዛፎች ቆርጠን ሸጠናል። ባሕር ዛፍ እንደምታውቁት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እማዬ «ተወው፣ እሱ ራሱን ያውቃል» ትላለች። እኔ ጉቶው ተነቅሎ አገር በቀል ይተከል ባይ ነኝ። ከአረንጓዴ አሻራ ወዲህ «አገር በቀል» ሁላችንም አፍ ላይ ያለ ቃል ነው፤ እኔም በአብዛኛው እንደ መፈክር ነበር የያዝኩት።

«አንተን ማን ሆነና ያስተማረህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የመመላለሻዬና የኪስ ገንዘቤ ከዚያ ጥግ ነበር የሚቆረጠው።

እንግዲህ ወደ መጽሐፉ። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ናይሮቢ ሲሆን፣ ተሻሽሎና ሰፍቶ እንደገና የታተመው በ2007 ነው። የርዕሱ ለውጥ ብቻውን ብዙ ይናገራል። የ1993ቱ ንዑስ ርዕስ «ለገበሬና ለአርብቶ አደር ማኅበረሰቦች» ይል ነበር። የ2007ቱ ደግሞ «በ17 የአየር ንብረት ቀጠናዎች» ይላል። ሰዎቹ ወጥተው ቀጠናዎቹ ገቡ። በሙያዬ ዳታ ስለምወድ መጀመሪያ ደስ ያለኝ ይሄው ነበር። መጽሐፉ አገሩን በከፍታና በዝናብ ይከፋፍላል፤ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ያለው ወይና ደጋ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ ደረቅ፣ መካከለኛ፣ እርጥብ ተብሎ ይለያል። ወለቃ ከ2,000 ሜትር በላይ ነች፤ መካከለኛ ዝናብ ያለው ወይና ደጋ ብዬ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩና አጣራሁ። ዋንዛ፣ ብሳና፣ ወይራ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ጌሾ... ዝርዝሩ ወረደ። መሐሉ ላይ ባሕር ዛፍ ቁጭ ብሏል።

ተናደድኩ። ቆይቶ ግን የመጽሐፉ ትልቁ ነገር ይሄ እንደሆነ ገባኝ። «ጠቃሚ» እንጂ «አገር በቀል» አላለም። ዋንዛንም፣ ባሕር ዛፍንም፣ አቮካዶንም በአንድ ቅጽ ይጠይቃቸዋል፤ የት ትበቅላለህ? ለምን ትሆናለህ? ዘርህ እንዴት ይያዛል? ለማንም አያደላም። እኔ ለክርክር ጥይት ፍለጋ ገብቼ የወጣሁት ጥያቄ ይዤ ነው። ባሕር ዛፉ ገጽ ላይ፣ የጥቅሞቹ ዝርዝር መጨረሻ፣ በቢጫ ማስታወሻ «የልጅ ትምህርት» ብዬ ጨመርኩበት።

የመጽሐፉ ድካምም ከዚሁ ቅጽ ይመጣል። ጥቅሞቹ በነጠላ ሰረዝ ተደርድረዋል፤ ማገዶ፣ ጣውላ፣ መድኃኒት፣ የንብ ቀሰም፣ ጥላ። ክብደት የላቸውም። ማታ ማታ ለእማዬ እየተረጎምኩ አነብላት ነበር። የብሳናን ሳነብ «ይሄን ሁሉ ከሆነ ሰው ለምን አይተክለውም?» አልኳት። «ብሳናን ማን ይተክላል? ወፍ ይተክለው የለ!» ጓሮ ጀርባ አጥሩ ሥር ሁለት በቅለዋል፤ ዕድሜዬን በሙሉ አላየኋቸውም ነበር።

ስሞቹ ሌላ ጉድ ናቸው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ተሰብስበዋል፤ ወይራ ኤጀርሳም አውሊዕም መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ነው። ግን ሁሉም በላቲን ፊደል። እንደተጻፈው «ትድ» ብዬ ሳነብ እማዬ በሳቅ ሞተች። ለገበሬ ታስቦ የተጀመረ መጽሐፍ ገበሬው የዛፉን ስም እንኳ ማንበብ በማይችልበት ፊደል ሲቀር ያሳዝናል። አማርኛ እትም ቢኖረው እናቴ እኔን ባልጠበቀች።

ከሁሉም የጎደለው ግን ቤቱ ነው። ከግድግዳ ስንት ሜትር ይራቅ የሚል ሣጥን ቅጹ ላይ የለም። ዋርካ አማረኝ፤ ጎንደር ያደገ ሰው ሁሉ ጥምቀት ላይ የፋሲል መዋኛን ግንብ ጥርቅም አድርገው የያዙትን ሥሮች አይቷል፣ ፎቶም ተነሥቶባቸዋል። እማዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰረዘችው፦ «ያ የንጉሥ ግንብ ነው፤ የኛ ግድግዳ ጭቃ ነው።»

ጊዜም የለበትም። «ቀስ ብሎ ያድጋል» ለኔ አንድ የዳታ ዋጋ ነው። የወይራን ሳነብላት ዝም አለች። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። «ለማን ነው የምተክለው? አንተ እንደሆነ አዲስ አበባ ነህ» አለች። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ስለ አገር በቀል ዛፍ የሚጻፉ ጽሑፎች ላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ የሚተክለው ሰው ዕድሜና ኪስ የሌለው ይመስል ነው የሚጽፉት። አዘነ በቀለ ቢያንስ ጥቅምን ጠርቶታል።

ክረምቱ ሳይወጣ ተደራደርን። ዶማ ይዤ ስድስት ጉቶ ነቀልኩ (አንዱ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ እጄ ተላጠ)። ሦስቱ ቀሩ። በአጥሩ በኩል ጌሾ ተከልን፣ ለጠላዋ፤ ለዚህ መጽሐፍም አላስፈለጋትም። መሐል ላይ አንድ ዋንዛ። ቅጠሉን ሲያረግፍ ማን ይጠርጋል ብላ ጥቂት አጉረመረመች፣ ግን ልጅ እያለች ፍሬውን ትለቅም እንደነበር ነግራኛለች። ወይራዋን እኔ ተከልኩ፣ ከመግቢያው በስተግራ።

ያልጠበቅነው ኩርፊያ የመጣው ከጎረቤት ነው። ወለቃ የሸክላ ሰፈር ናት፤ ቤተ እስራኤሎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም ሸክላው አልቆመም። ጎረቤታችን ሸክላ ስታቃጥል ከኩበቱ ጋር የምትጨምረውን ደረቅ ቅጠል ከኛ ባሕር ዛፎች ሥር ነበር የምትጠርገው። «ዋንዛችሁ መቼ ነው ቅጠል የሚሰጠኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። መጽሐፉን ከፍቼ ፈለግኩ። ሸክላ የሚል የለም። እስከዚያው ሦስቱን ጉቶዎች ለሷ ብለናል።