ሃያ ዋት ያቃጠለው

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ከቡራዩ ስፒከር ተሸክሞ መርካቶ ያለችው ሱቄ መጣ። «ጋሼ፣ ስፒከሩ 100 ዋት ይችላል። አምፔ 20 ብቻ ነው። እንዴት ይቃጠላል?» አራቱን ብሎን ፈትቼ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ቱዊተር አወጣኋት። በቴስተር ብነካካት ዝም። ሽፋኗን ሳነሳው ፀጉር የምታክለው የኮይል ሽቦ ጠቁራ ተበጥሳለች፤ የነደደ ቫርኒሽ ሸተተን።

ይህን ማስረዳት ሁሌም ይቸግረኛል፤ ሰው የሚፈራው ትልቁን አምፕ ነውና። ትንሹ አምፕ አቅሙ ሲያልቅ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል። ቤዙ ጣሪያ ነክቶ ሲቆም ቀጭኑ ድምፅ ማደጉን ይቀጥላል፤ ቁርጡም ራሱ ሌላ ቀጭን ድምፅ ይወልዳል። ያ ሁሉ የሚወርደው ቱዊተሯ ላይ ነው። 100 ዋት የተባለው ሳጥኑ በሙሉ ነው እንጂ እሷ ሳታርፍ የምትችለው ጥቂት ዋት ነው። ፒኤምፒኦ እያሉ የሚለጥፉትን ዋትማ ተዉት፦ ፊቱ ላይ 2,000 ዋት፣ ጀርባው ላይ ከግድግዳ የሚስበው 40!

«ታዲያ ባለ 40 ልግዛ?» ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ልብ ካለው ነው። በ1 ዋት፣ ከ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል በሚሰጠው ስፒከር ፈንታ 90 የሚሰጥ ቢያገኝ አምፑን እጥፍ እንዳደረገው ይቆጠራል። እኔ 60 ዋት አምፕና ቁጥብ እጅ መከርኩት። ደስ አላለውም።

የሱሉልታው ደንበኛዬ ጣጣ ሌላ ነበር። አራት ባለ 8 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን አንድ መውጫ ላይ አስሮ 2 ኦም አድርጓቸዋል፤ አምፑ ከ4 በታች አይችልም፤ ይግላል። ከተማው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ሙቀት የማንሳት ጉልበቱም እንደዚያው። ብርዱ ያካክሰዋል ይሉኛል። ቁም ሳጥን ውስጥ ለተዘጋ አምፕ ምን ብርድ አለ? ሁለት ሁለቱን አከታትዬ፣ ጥንዶቹን ጎን ለጎን ሳስራቸው 8 ኦም ላይ ተመለሰ። ቴስተሩ ግን 6 ያህል ነው የሚያነበው፤ እሱ ጤና ነው።

ሰበታ መርሐ ዕውራን፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ የተማሩ አንድ መምህር አምፕ ሊገዙ ሲመጡ የአስቴር አወቀን ዘፈን አስከፈቱኝ። ቁልፉን ቀስ እያልኩ ስጨምር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። «ተው፣ እዚህ ጋ በቃው፤ ‹ሰ›ዋ ሻከረች» አሉ። እኔ ገና ምንም አልሰማሁም። ቁልፉ ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ከዚያች ትንሽ መለስ አድርጌ ዳሩን በሚስማር ጫር አደረግኩላቸው። በጣታቸው ዳሰሱና፣ «ጠቅልልልኝ» አሉ።