ጎፈሬው «አፍሮ» ሲባል፦ የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃና አለባበስ

የዘመናዊ ሙዚቃችንን የቆዩ ፎቶግራፎች የሚያገላብጥ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ዘፋኝ ሳይሆን ወታደር ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው «አቢሲኒ ስዊንግ» በተሰኘው የፎቶግራፍ መድበል ይህ በጉልህ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት «አርባ ልጆች»፣ ወላጆቻቸውን ያጡት የአርመን ልጆች፣ የቤተ መንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ። ከጣሊያን ወረራ በኋላም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ተከተሉ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነበር፤ ሳክስፎኑም ኮቱም የመሥሪያ ቤቱ ነበሩ። በመድረክ ላይ የምናየው ሙሉ ልብስና ቢራቢሮ ከረባት ራሱ፣ ሁሉም በአንድ ልክና በአንድ ቀለም ስለሚለብሱት፣ ከደንብ ልብስ እምብዛም አልራቀም።

ይህን የማነሣው «ፋሽን በዘፋኞች በኩል ከውጭ ገባ» የሚለውን የተለመደ አነጋገር ለመፈተሽ ነው። አነጋገሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን ሰነፍ ነው። ዘፋኙ አዲስ ነገር ለመልበስ መጀመሪያ ከምን መውጣት እንደነበረበት አይጠይቅም። ገባ የተባለው ነገር ቀድሞ በቤታችን ስለመኖር አለመኖሩም ዝም ይላል።

ከመውጣቱ እንጀምር። ጥላሁን ገሠሠ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ይዘፍን ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1960 የክብር ዘበኛ አዛዦች የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ እርሱም ታስሯል። ድምፁን አገር ቢወድለትም በመንግሥት መዝገብ ላይ የሠራዊት ባልደረባ ነበር። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ያለ ሰው ጸጉሩን እንደፈለገ አያሳድግም፤ የሱሪውን ስፋትም አይመርጥም። ለውጡ የመጣው የሙዚቃው አሠሪ ሲቀየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ የግል ባንዶች በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች ተስፋፉ። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ወጣቱ አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ቲያትር የተሰጠ መሆኑን እያወቀ፣ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ ዓለማየሁ ደግሞ ያደገው በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ነው። ሰዎች አንዴ ኤልቪስ፣ አንዴ ጄምስ ብራውን እያሉ የጠሩት ይህ ሰው በመድረክ ላይ በአለባበሱ፣ በጸጉሩና በእንቅስቃሴው ራሱን የቻለ ሰው ሆኖ ሲታይ፣ ታዳሚው ያየው የአሜሪካን ፋሽን ብቻ አልነበረም። ደንብ ልብሱን ያወለቀ ሰውንም ጭምር ነው። ቤልቦተም ሱሪ ያን ያህል የማረከው ስፋቱ ከካኪ ጋር ስለማይሄድ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጸጉሩ። አፍሮ ወደ አዲስ አበባ የገባው ከሶል ሙዚቃ ጋር ነው፤ በሸክላ፣ በፊልም፣ በመጽሔት፣ በአስመራው ቃኘው ጣቢያ በነበሩ አሜሪካውያን ወታደሮችና በሰላም ጓድ አባላት በኩል። በአሜሪካ ግን አፍሮ ራሱ ወደ ኋላ የተመለከተ ፋሽን ነበር። ጄምስ ብራውን ለዓመታት ጸጉሩን በኬሚካል ያለሰልስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የጥቁሮች ንቅናቄ በጋለበት ወቅት ለጊዜው ትቶት ጸጉሩን በተፈጥሮው አሳየ። አፍሮ «እኛ ከአፍሪካ ነን» የሚል የጸጉር ቋንቋ ነበር። ይህ ቋንቋ አፍሪካ ሲደርስ፣ በአማርኛ ቀድሞውኑ ስም ያለው ጸጉር ጠበቀው፦ ጎፈሬ።

ጎፈሬ የጀግና ጸጉር ነበር። ጣሊያንን በየዱሩ የተዋጉት አርበኞች ከነጎፈሬያቸው የተነሱት ፎቶግራፍ ዛሬም በየግድግዳው ተሰቅሎ ይታያል። መሣሪያውም የታወቀ ነው፤ ሚዶ። (የአፍሮ ማበጠሪያ ብለን ከሱቅ የምንገዛው ጥርሰ ረጅም ፕላስቲክ ከሚዶ በምን እንደሚለይ የነገረኝ ሰው እስካሁን የለም።) ይሁንና በዚያ ዘመን የነበረ የአዲስ አበባ ወጣት በጸጉሩ ሲኮራ «ጎፈሬ አለኝ» አላለም፤ «አፍሮ» አለ። ቃሉ ጸንቶ ዘመን ተሻገረ፤ ከትውልድ በኋላ ቴዎድሮስ ካሳሁን ቴዲ አፍሮ ተብሎ ሲጠራ ቃሉን ያብራራለት ማንም ሳይኖር ሁሉም ገብቶታል። ቴዲ ጎፈሬ ቢባል ኖሮ የፎካሪ ወይም የሸላይ ስም በመሰለ።

ስሙ ለምን ተቀየረ? የባህል መረሳት ነው ብሎ ማዘን ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። ጎፈሬ የሚያስከብረው ዱርና ጠብመንጃ ያየውን ነበር። ከነጻነት በኋላ ያደገው የከተማ ልጅ፣ በትምህርት ቤትም በካምፕም ጸጉሩን አጭር አድርጎ የተቆረጠው፣ ጎፈሬ ላሳድግ ቢል የአያቱን ዝና ያለ ዋጋ የተዋሰ ይመስል ነበር። ሙዚቃው ያንኑ ጸጉር ከጦርነት ነጥሎ አመጣለት። ጎፈሬ በጀግንነት ይገኝ ነበር፤ አፍሮ በሚዶ ብቻ። ሙዚቃ በአለባበስ ላይ ያለው ትልቁ ኃይል አዲስ ነገር መፍጠሩ ሳይሆን፣ የነበረን ነገር በሌላ ስም እንድንለብሰው መፍቀዱ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ፈቃዱ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሊታይ የነበረውን የፋሽን ትርኢት ተማሪዎች ተቃወሙ፤ እንግዶቹን አዋከቡ፤ እስርና የዩኒቨርሲቲው መዘጋት ተከተለ። ክሱ ትርኢቱ የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው የሚል ሲሆን ዒላማው በተለይ ሚኒ ቀሚስ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው የለበሱት ኮትና ሱሪ ከአንኮበር አልመጣም። ከውጭ የመጣ ልብስ ወንድ ሲለብሰው ዘመናዊነት፣ ሴት ስትለብሰው ወረራ ተባለ። ስለዚህ እንደ ብዙነሽ በቀለና እንደ ኂሩት በቀለ ያሉ ድምፃውያን በመድረክ ላይ ለብሰው የታዩትን ስናጠና ከወንዶቹ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ስሕተት ነው። ሴት ገጸ ባሕርይን ወንዶች ይጫወቱ በነበረበት ዘመን ወደ ቲያትር መድረክ የወጣችው አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ስትቀመጥ፣ ጥያቄው ምን ለበሰች ከመባሉ በፊት ለምን ታየች የሚል ነበር።

የሬጌው ታሪክም ከአፍሪካ ወጥቶ በሙዚቃ በኩል የመመለስን ያንኑ የአፍሮ ዙር በቀለም ያሳያል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ከሰንደቅ ዓላማችን ተወስደው የራስ ተፈሪያውያን መለያ ሆኑ። የንጉሠ ነገሥቱ የሚያዝያ 1966 (እ.ኤ.አ.) የጃማይካ ጉብኝት እምነቱን አጸናው፤ ቦብ ማርሌም ቀለሞቹን በዓለም አዞረ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2005 የማርሌ ስድሳኛ ዓመት ልደት በመስቀል አደባባይ ሲከበር፣ ወጣቶቻችን በኮፍያና በቲሸርት ላይ የለበሱት የአገራቸው ባንዲራ በኪንግስተን በኩል ዞሮ የመጣ ነበር። ሻሸመኔ ላይ የሰፈሩት ራስ ተፈሪያውያንም ቀለሞቹን ይዘው የመጡት እንደ አገራቸው ምልክት እንጂ እንደ ሸቀጥ አይደለም፤ የሸቀጡ ነገር በኋላ የመጣ ነው።

ስለ ደርግ ዘመን እዚህ በአጭሩ አልፋለሁ። ሰዓት እላፊው ምሽቱን ሲዘጋ የሚዘነጥበት ቦታም አብሮ ተዘጋ። የኪነት ቡድኖች የየብሔረሰቡን ልብስ በመድረክ ልክ እያሰፉ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 እና 1988 በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ትርኢትም ያንኑ ይዞ ተጓዘ። ዛሬ በየሠርጉ «ባህላዊ» የምንለው ልብስ ምን ያህሉ ከገጠር፣ ምን ያህሉ ከዚያ መድረክ እንደመጣ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

ለእንዲህ ያለው ጥናት ትልቁ ችግር ማስረጃው ነው። የሸክላ ሽፋንና የመድረክ ፎቶግራፍ ዘፋኙ ምን እንደለበሰ ይነግሩናል፤ ማን እንደተከተለው ግን አይነግሩንም። ብዙዎቹ ጥቁርና ነጭ በመሆናቸው ቀለሙንም ሰውረውብናል። ከሁሉ በላይ የጠፋው ልብስ ሰፊው ነው። ያ ሁሉ ቤልቦተም በሜትር ተገዝቶ፣ በመርካቶና በፒያሳ በሲንጀር መኪና የተሰፋ ነው፤ ዘፋኙን ወደ ሰፈር ያወረደው ሰፊው ሆኖ ሳለ በታሪኩ ውስጥ ስሙ የለም። በቤታችሁ የአባታችሁ ወይም የእናታችሁ የዚያ ዘመን ፎቶ ካለ፣ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ልብሱ ምን ቀለም እንደነበረና ማን እንደሰፋው ጠይቃችሁ ከጀርባው ጻፉበት።