የአደን ፉከራና የማማ ጥበቃ

በአማርኛ የአደን ፉከራ ውስጥ ዝሆን፥ አንበሳና ጎሽ የክብር ስፍራ አላቸው። አዳኙ ግዳይ ጥሎ ሲመለስ ስሙ ይነሣል፤ ዘመድ ወዳጁም ይዘፍንለታል። ከርከሮንና የዱር አሳማን የገደለ ሰው ግን ይህን ክብር አይጠብቅም። የአደን ጥናትም አብዛኛውን ጊዜ የፉከራውን ፈለግ ተከትሎ፥ ያልተፎከረበትን አውሬ ችላ ብሎ አልፎታል ማለት ይቻላል።

እርግጥ ነው፥ ሥጋው በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ አይበላም። ፍሬድሪክ ሲሙንስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ያሳተሙት፥ በ1994 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው ያወጡት ስለ ምግብ ክልከላ የተጻፈ መጽሐፍ ለዚህ ጉዳይ የታወቀ መነሻ ነው። ነገር ግን የመጽሐፉ ዋና ጥያቄ መብል ነው፤ በገበታው ዘንድ ብቻ የቆመ ተመራማሪም ገበሬውን በማሳው ዳር አያገኘውም። ከሐይቅ በስተምሥራቅ፥ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚያዘቀዝቅበት በቢስቲማ አካባቢ ማሽላ የዘራ ሰው፥ ሥጋውን ለማይቀምሰው አውሬ እንቅልፉን ይገብራል።

ቋንቋው ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። «መጠበቅ» አንድም ዘብ መቆም ነው፤ አንድም የሚመጣውን ታግሦ መቆየት ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ጥበቃዎች የሚሹት ስፍራ የተለያየ ነው። ማማ ከፍ ብሎ የሚሠራው ጠባቂው እንዲያይና እንዲሰማ፥ ጩኸቱና ወንጭፉም አውሬውን እንዲያባርር ነው። አድፍጦ የሚጠብቅ አዳኝ ግን መሰወር አለበት።

አውሬዎቹም አንድ አይደሉም። ከርከሮ በቀን ይሰማራል፤ ሲመሽ ብዙ ጊዜ አዋልዲጌሳ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ኋሊት ይገባል። ስለዚህ ጧት ሲወጣ ክራንቻው ይቀድማል፤ በጉድጓዱ አፍ ፊት ለፊት መቆምም ከድፍረት ይልቅ አለማወቅ ነው። የዱር አሳማ በአብዛኛው በሌሊት ይወጣል፤ ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫው ይታመናል። ጸጥ ባለ ሌሊት ደግሞ የቀዘቀዘው አየር ከተራራው ወደ ሸለቆው ይወርዳል። አውሬው ከታችኛው ቁጥቋጦ የሚመጣ ከሆነ፥ ከማሳው በላይ ያደፈጠ ሰው ጠረኑን አስቀድሞ ይልክለታል፤ ከመተላለፊያው ወደ ጎን ፈቀቅ ያለው ይሻላል። ስፍራው በትክክል ካልተመረጠ የሌሊቱ ሙሉ ትዕግሥት ከንቱ ነው። በሚገባ ቢመረጥም እንኳ አንዲት ሳል ታፈርሰዋለች።

ከዚህ ሁሉ በፉከራው ውስጥ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ ፉከራ የሚጀምረው አውሬው ከወደቀ በኋላ ነውና። በዚህ ፉከራን መንቀፍ አይገባም፤ በሰሚ ፊት የሚቀርብ የጀግንነት ምስክርነት እንጂ የአደን ትምህርት አይደለም። ነቀፌታው የሚገባው ይህን ምስክርነት እንደ ሙሉ የአደን ታሪክ ለሚቀበል ሰብሳቢ ነው። እንዲህ ያለው ሰብሳቢ አንድ አውሬ ብቻ አይደለም የሚያጎድለው፤ በማሳ ጥበቃ የሚያድሩት ሴቶችና ልጆች የሚያውቁትንም ሁሉ ያጎድላል። ጎሽ የገደለ ሰው ሳይጠየቅ ይናገራል። አሳማ ሲጠብቅ ያደረ ልጅ ግን ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ሲያድግም ከማማው ወርዶ ወደ ከተማ ሊሄድ ይችላል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 አደንን በፈቃድ ወስኖታል፤ የማሽላው ጥበቃ ግን በየዓመቱ ይመለሳል። ስለዚህ የቃል ሥነ ጽሑፍ ሰብሳቢ «ማን ገደለ?» ከማለቱ በፊት፥ ማማው ካምናው ስፍራ ለምን እንደ ተነሣ፥ ሌሊቱን ማን ከማን እንደሚረከብ፥ ነፋሱም በየትኛው ሰዓት እንደሚዞር ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው ሰው ገና በማሳው ዳር አለ።